ብዙ ጣዕም፣ አንድ ትንሽ ዕቃ፦ ፈሳሽ ለመቅመስ የሚሆን ቀላል ድሪፐር እንዴት ይመረጣል?

ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። አሥራ አንድ ዓመት ሲጋራ አጭሷል። ባለፈው ዓመት ወደ ቬፕ ዞረ፣ ሲጋራውንም ተወ። ለጊዜው ተወ እንበል። ችግሩ ጣዕም ሆነበት። አንዱን ፈሳሽ በሦስት ቀን ይሰለቸዋል፣ ሌላ ይገዛል፣ ያኛው ደግሞ ገና ከመጀመሪያው አይጥመውም። ግማሽ የቀሩ ጠርሙሶች መሳቢያ ሞልተዋል። «ሳልጨርሰው የምቀምስበት መንገድ የለም ወይ?» ብሎ ደወለ። መንገዱ አለ። እኛም ለእሱ ብለን ያጣራነውን ነው እዚህ የምናስቀምጠው።

መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር በግልጽ እንነጋገር።

አንደኛ፣ አገር ቤት ያላችሁ፦ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከፋፈልም ሆነ መሸጥ የተከለከለ ነው። ሺሻና ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆም እንዲሁ። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥም በዚሁ አዋጅ አይፈቀድም። «ከውጭ የመጣ ነው» እያሉ በየሱቁ ከመደርደሪያ ሥር የሚሸጡት ሕጋዊ አይደሉም፣ ምን እንዳለባቸውም የሚያረጋግጥላችሁ የለም።

ሁለተኛ፣ ሲጋራ የማታጨሱ ከሆነ ይህን ነገር አትጀምሩት። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ቬፕ ከሲጋራ ያነሰ ጉዳት እንዳለው ይናገራል፤ ግን ለአጫሾች ነው የሚለው፣ ጉዳት የለውምም አላለም። ኒኮቲን ሱስ ነው። በማንጎ ጣዕም ስለመጣ ሌላ ነገር አይሆንም። ጽሑፉ ሲጋራ ለመተው ብሎ ወደ ቬፕ ለዞረ፣ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ለሚኖር አዋቂ ሰው ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ዘመድ ጓደኛ የሚይዘው ዕቃ ምን እንደሆነ ለማወቅ አንብቡት።

ነገርየው ምንድን ነው?

ማንኛውም ቬፕ ሁለት ክፍል አለው። ታችኛው ባትሪው ያለበት ሲሆን ላዩ ላይ የሚጠመደው ክፍል አቶማይዘር ይባላል። አቶማይዘሩ ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፣ ኮይል የሚሉት። በኮይሉ መሀል ጥጥ ያልፋል። ጥጡ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ሽቦው ይግላል፣ ፈሳሹ ይተናል። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሠራው ወዲህ ቅርጹ መቶ ጊዜ ቢቀያየርም፣ ፈሳሽን ጭስ በሚመስል ተን የመቀየሩ ሐሳብ ያው ነው።

ብዙ ሰው የሚይዘው ፋብሪካ የገጠመው ኮይል ያለበትን ነው፤ ሲቃጠል ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል። «ሪቢውልደብል» የሚባለው ግን ሽቦውንና ጥጡን ራስህ የምትቀይርበት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ቀላሉ ድሪፐር ይባላል፤ በቬፐሮች ቋንቋ አርዲኤ። ታንክ የለውም። ክዳኑን ታነሳለህ፣ ጥጡ ላይ ጥቂት ጠብታ ታንጠባጥባለህ፣ ክዳኑን ትመልሳለህ፣ ትስባለህ። አምስት ስድስት ጊዜ ከሳብክ በኋላ እንደገና ታንጠባጥባለህ።

ለቀን ተቀን አሰልቺ ነው፣ አንዋሽም። መኪና እየነዱ በፍጹም አይሆንም። ለመቅመስ ግን የሚያክለው የለም።

ለምን ድሪፐር?

ቡና ቀማሽ አይታችሁ ከሆነ፣ ይርጋጨፌውንና ሐረሩን በአንድ ጀበና አፍልቶ አይቀምስም። ለእያንዳንዱ የራሱ ሲኒ አለው፤ ማንኪያውንም በየመሀሉ ያለቀልቃል። ታንክ ያለው ቬፕ እንደ አንድ ትልቅ ጀበና ነው። ሁለት ሦስት ሚሊ ሊትር ሞልተህ ካልወደድከው ወይ ትጨርሰዋለህ ወይ ትደፋዋለህ። ብትደፋውም ኮይሉ ውስጥ ያለው ጥጥ የድሮውን ጣዕም ይዞ ይቀራል፣ የሚቀጥለው ፈሳሽ ላይ ይቀላቀላል። ሽንኩርት በተቁላላበት ድስት ሻይ እንደማፍላት በሉት።

ድሪፐር ላይ አንድ ጣዕም ለመሞከር አሥር ጠብታ አካባቢ ይበቃል። ካልጣመህ ጥጡን መዝዘህ ትጥላለህ፣ ሽቦውን ለአፍታ አግለህ የቀረውን ታቃጥላለህ፣ አዲስ ጥጥ ታስገባለህ። እጅ ሲለምድ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። የጥጡ ዋጋ ደግሞ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሲመረጥ ምን ይታያል?

ሱቅ ስትገቡ መዓት ዓይነት ታያላችሁ። ለመቅመስ የሚፈለገው ግን ጥቂት ነገር ነው።

አንድ ኮይል የሚይዝ ይሁን። ሁለት ኮይል የሚይዘው ደመና ለማብዛት ነው፤ ፈሳሽ በእጥፍ ይበላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ጥጥ መቀየሩም በእጥፍ ያለፋል። ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር የሆነ በቂ ነው። 24 እና ከዚያ በላይ የሆኑት በብዛት ለሁለት ኮይል የተሠሩ ናቸው።

ቀጥሎ ክዳኑን አንስታችሁ ውስጡን እዩ። ሽቦው የሚታሰርበት መድረክ ላይ ሁለት ምሰሶ ታገኛላችሁ፣ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ። ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ምሰሶ ቀዳዳ አለውና ሽቦውን በቀዳዳው አሳልፈህ በብሎን ታጠብቃለህ። አንዳንዱ ደግሞ ሽቦውን በጎን አስገብተህ ከላይ በብረት የሚነክስ ነው። ለጀማሪ የምንመክረው የሚነክሰውን ነው፤ የሽቦውን እግር ቀድመህ በልክ ባትቆርጠውም ይይዝልሃል። ምሰሶ የሌለውና እግሩ ወደ ታች ቀዳዳ የሚገባው ዓይነትም አለ። እሱ እግሩን በትክክለኛ ርዝመት መቁረጥ ይጠይቃል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስትሳሳት ኮይሉ ዘቅዝቆ ይቀመጣል። ቆይቶ ይደረስበታል።

ብሎኖቹን በጣም እዩ። ርካሽ ድሪፐር መጀመሪያ የሚከዳው እዚህ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ቶሎ የሚላጥ ብሎን ከሆነ በአምስተኛው ቀን ካቻቢቴው ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ዕቃው ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው። መለዋወጫ ብሎን አብሮ በከረጢት የሚሰጥ ይሻላል።

የክዳኑ የውስጥ ክፍተት ትንሽ ይሁን። ይህንን ሻጮች ብዙ ጊዜ አይናገሩትም፣ ለጣዕም ግን ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው እሱ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን ተኑ በብዙ አየር ይበርዛል፣ ጣዕሙ ይሳሳል። ጠበብ ብሎ ወደ ላይ እንደ ጉልላት የሚሰበሰብ ከሆነ ጣዕሙ ሳይበተን አፍህ ይደርሳል። «ሃዳሊ» የሚባለው ድሪፐር ስሙ የገነነው በዚህ ነው፤ 22 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ኮይል፣ ጠባብ ክፍተት። «ዋስፕ ናኖ» ደግሞ በዚያው መንገድ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ነው። ማስታወቂያ አይደለም፣ ማንም አልከፈለንም። ምን ዓይነት ነገር እንደምትፈልጉ በዓይን እንድታዩት ብለን ነው።

አየሩ በጎን የሚገባ ቀዳዳ፣ ክዳኑን በማዞር የሚጠብና የሚሰፋ ይሁን። ከሥር የሚገባው ጥሩ ጣዕም ይሰጣል የሚሉ አሉ፣ እውነትም አላቸው። ግን ጠብታ ካበዛህ በቀዳዳው ወጥቶ ባትሪ ላይ ይፈሳል። የሚቀምስ ሰው ደግሞ ጠብታ ያበዛል፣ ያው ነው።

ከሥር ያለው ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ለዚህ ሥራ ጥልቅ መሆን የለበትም። ጥልቅ ሲሆን የድሮው ፈሳሽ እዚያ ተኝቶ ይቀራል። በለስላሳ ወረቀት በአንድ ጊዜ የሚጠረግ ይበቃል።

ክዳኑ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። የቀረፋና የሎሚ ዓይነት ፈሳሾች አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቁታል። ሁሉን እቀምሳለሁ ለሚል ሰው የብረት ክዳን ይመረጣል።

ሽቦውና ባትሪው

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና።

ለመቅመስ ተራ ሽቦ በቂ ነው። ካንታል የሚባለው ከብረት፣ ከክሮሚየምና ከአሉሚኒየም የተቀላቀለ ሲሆን ርካሽ ነው፣ ለመጠምጠምም አይከብድም። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን (26 ጌጅ የሚሉትን) በ3 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ስድስት ጊዜ ብትጠመጥሙት 0.8 ኦም አካባቢ ይሰጣል። 20 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ንጹሕ ኒኬልና ቲታኒየም ግን የሙቀት መቆጣጠሪያ ላለው ባትሪ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ አትንኳቸው። ቲታኒየምን እንደ ካንታል ቀልቶ እስኪታይ ማጋል ጭራሽ አይፈቀድም።

አሁን ሒሳቡ። የሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው። 4.2ን ለኦሙ ስታካፍሉ ከባትሪው የሚወጣው አምፔር ይመጣል። በ0.8 ኦም 5.25 አምፔር ነው፤ የትኛውም ደህና የቬፕ ባትሪ ይችለዋል። በ0.2 ኦም 21 አምፔር ይሆናል። በ0.1 ኦም 42! ደህና የሚባሉት 18650 ባትሪዎች ያለ አደጋ የሚሰጡት ከ20 እስከ 30 አምፔር ነው፤ ልባሱ ላይ 40 ወይም 60 የሚል የተጻፈበት ካያችሁ አትመኑት።

ይህ ሒሳብ በተለይ የሚሠራው «ሜካኒካል» ለሚባለው፣ ምንም የመቆጣጠሪያ ሰርኪውት ለሌለው የባትሪ ቱቦ ነው። ሰርኪውት ያለው ባትሪ ኦሙን ራሱ ይለካል፣ ሽቦው ከተነካካ አልሠራም ብሎ ይዘጋል። ሜካኒካሉ አይጠይቅም፣ የሰጡትን ያቃጥላል። በ2018 ፍሎሪዳ፣ በ2019 ቴክሳስ ውስጥ ቬፕ አፋቸው ላይ ፈንድቶ የሞቱ ሰዎች አሉ። ድሪፐሩ ከባትሪው ጋር የሚገናኝበት 510 የሚባለው ጥርስ ጫፉ ላይ ያለችው ፒን ወጣ ካላለች፣ በአንዳንድ ሜካኒካል ቱቦ ላይ ባትሪው ቀጥታ ሾርት ያደርጋል። ለወንድማችን ያልነውን ለእናንተም እንላለን፦ ሰርኪውት የሌለውን ጭራሽ አትግዙ። ለመቅመስ የሚጨምርላችሁ አንዳች ነገር የለም።

ባትሪን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አትጨምሩ፣ ፕላስቲክ መያዣ አለው። ልባሱ የተቀደደ ባትሪ አይሠራም፣ አበቃ። ለበዓል ወደ አገር ቤት ስትበሩ ደግሞ ቬፕም ሆነ ትርፍ ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ በጭነት አይሄድም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። ከዚያ በፊት ግን ከላይ የጠቀስነውን የአገሩን ሕግ አስታውሱ። የሚሻለው እዚያው ትቶት መምጣት ነው። ኳታርም እንዲሁ ክልክል ነው፣ በዶሃ የምትቀይሩ ልብ በሉ።

ጥጡ

ብዙ ሰው ሽቦ ላይ ተጨንቆ ጥጥ ላይ ይወድቃል። የምናውቀው አንድ ልጅ ለሁለት ሳምንት «ይሄ ፈሳሽ ተቃጥሏል» እያለ ሦስት ጠርሙስ ጥሎ ነበር። ፈሳሹ ጤነኛ ነበር፤ የተቃጠለው ጥጡ ነው።

ያልነጣና ሽቶ የሌለው ጥጥ ያስፈልጋል። ለቬፕ ተብሎ የሚሸጥ አለ፣ ውድ አይደለም። ጫፉን በጣት ጠቅልላችሁ በኮይሉ አሳልፉት። ስትጎትቱት ትንሽ መያዝ አለበት፣ ግን ኮይሉን ይዞ መንቀሳቀስ የለበትም። ጠጥሮ ከገባ ፈሳሽ አይጠጣም፣ በሦስተኛው ስበት ጉሮሮ የሚቧጭር የተቃጠለ ጣዕም ይመጣል። ላልቶ ከገባ ደግሞ ፈሳሹ ሳይተን እየተረጨ አፍ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ጫፎች ወደ ጉድጓዱ እንዲደርሱ ብቻ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ አታጭቁት። ከዚያ በደንብ አርጥቡት፣ መሀሉንም ጭምር። ደረቅ ጥጥ ላይ ቁልፍ መጫን የለም።

አዲስ ኮይል ስትገጥሙ ደግሞ ጥጡ ከመግባቱ በፊት በዝቅተኛ ዋት ቶሎ ቶሎ ጫን ለቀቅ አድርጉት። ከመሀል ወደ ዳር እኩል መቅላት አለበት። አንድ ቦታ ብቻ ከቀላ ሽቦው እዚያ ጋ በትክክል አልተቀራረበም፤ ባትሪውን ለቃችሁ ሲቀዘቅዝ በሴራሚክ ወረንጦ አስተካክሉት። ሽቦው ክዳኑን እንዳይነካም እዩ። ሲግል ብሎን ይላላልና አንድ ጊዜ መልሳችሁ አጥብቁ።

አቀማመስ

ቀላል ጣዕም ይቅደም። ፍራፍሬ፣ ከዚያ ክሬምና ብስኩት የሚመስሉት፣ ከዚያ ትምባሆና ቡና። ሚንትና ቀረፋ የመጨረሻ ናቸው፤ ጥጥ ብትቀይሩም እንኳ ክዳኑ ላይ ይቀራሉ። ሚንት ካስገባችሁበት ክዳኑን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት።

በአንድ ቁጭታ ከአራት አምስት በላይ አትቅመሱ። ምላስ ይሰለቻል፣ አፍንጫም ይለምዳል፣ ሁሉም አንድ ይመስላል። ውሃ ጠጡ፣ ዕረፉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስበቶች አትፍረዱባቸው፤ አዲስ ጥጥ የራሱ ጣዕም አለው። የምትቀምሱትን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦ ስሙን፣ ዋቱን፣ ወደዳችሁት ወይ። ወንድማችን ይህን ማድረግ ከጀመረ ወዲህ ነው መሳቢያው ውስጥ ያሉት ግማሽ ጠርሙሶች አሥራ አንዱ አንድ ዓይነት ማጣፈጫ እንዳላቸው ያወቀው። ያልወደደው ፍሬውን አልነበረም፣ ስኳር መሰሉን ነው። ያ ማጣፈጫ ኮይልንም ቶሎ ያጠቁረዋል።

ፈሳሹ

ፈሳሽ ማለት ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ የአትክልት ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና (ካለ) ኒኮቲን ነው። ግሊሰሪን የበዛበት ይወፍራል፣ ተኑም ይበዛል። ለድሪፐር ከግማሽ በላይ ግሊሰሪን የሆነ ይስማማል።

ኒኮቲኑን ተጠንቀቁ። ለትናንሽ ፖድ የሚሸጠው የኒኮቲን ጨው በአንድ ሚሊ ሊትር 20፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 50 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ድሪፐር በአንድ ስበት የሚሰጠው ተን ከፖድ እጅግ ይበልጣል፤ ያንን ፈሳሽ ድሪፐር ላይ ብታደርጉት ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ልብ መምታት ይመጣል። ለድሪፐር 3 ሚሊ ግራም የተለመደ ነው። እየቀመሳችሁ ስለሆነ ደግሞ ከወትሮው በላይ ትስባላችሁ፣ ሳይታወቃችሁ። ዜሮ ኒኮቲን የሆነውን መቅመስ ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል፣ ጣዕሙ ያው ነውና።

ቅቤ ቅቤ የሚሉ ጣዕሞች ውስጥ ዳያሴቲል የሚባል ኬሚካል ሊኖር ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞችን ሳንባ የጎዳው እሱ ነው። አንዳንድ አገር በቬፕ ፈሳሽ ውስጥ ከልክሎታል፤ የምትገዙት ላይ «ዳያሴቲል የለውም» መባሉን አረጋግጡ። ካናቢስ አለበት የሚባል፣ ከመንገድ የተገዛ ፈሳሽ ደግሞ በፍጹም። ከ2019 እስከ 2020 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከ2,800 በላይ ሰው በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገብቶ ወይም ሞቶ ተመዝግቧል፣ ከእነዚህም 68 ሰው ሞቷል፤ ዋናው ተጠርጣሪ እንዲህ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የተገኘ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር።

ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ጠርሙሱ ከፍ ያለ፣ የተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ። በማንጎ ሥዕል ያሸበረቀ ጠርሙስ ለሦስት ዓመት ሕፃን ጁስ ነው። ጥቂት ኒኮቲን ሕፃን ይገድላል። ቆዳችሁ ላይ ከፈሰሰም ወዲያው ታጠቡት።

ዋጋና ሕግ

በየአገሩ የሚገኘው ጣዕም አንድ አይደለም። አሜሪካ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ መግዣ ዕድሜው 21 ነው፤ ማሳቹሴትስና ካሊፎርኒያ ጣዕም ያለውን ሽያጭ ከልክለዋል። ኔዘርላንድስ ከ2024 ጀምሮ የትምባሆ ጣዕም ብቻ ነው የሚሸጠው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ኒኮቲን ያለው ጠርሙስ ከ10 ሚሊ ሊትር፣ ኒኮቲኑም በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ለሚቀምስ ሰው ትንሿ ጠርሙስ ጥሩ ናት። ኤምሬትስ ከ2019 ጀምሮ ሽያጩን ፈቅዳለች።

ድሪፐሩ ራሱ ውድ አይደለም፤ ውድ የሚሆነው ስም ያለው ሲሆን ነው። የታዋቂዎቹ ኮፒ በየቦታው አለ፣ ብዙዎቹም ይሠራሉ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ፦ ብሎኖቹን አላልታችሁ አጥብቁ፣ ክዳኑን ነቅላችሁ ግጠሙ። ብሎኑ ቢንሸራተት ወይ ክዳኑ ተንጠልጥሎ ቢላላ መልሱለት። ከቤት ስትደርሱ ደግሞ ከፋብሪካ የቀረ የማሽን ዘይት ስለሚኖርበት ሙሉ በሙሉ ፈታታችሁ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት።

ወንድማችን 22 ሚሊ ሜትር፣ የሚነክስ ምሰሶ ያለው፣ የብረት ክዳን ያለውን ገዝቷል። እስካሁን ሃያ ሦስት ፈሳሽ ቀምሶ ሁለቱን ወዷል። አንዱ ዜሮ ኒኮቲን ነው።